የስርጭት ከርቭ ለመሥራት፦ ኤክሴል፣ ጉግል ሺትስ ወይስ ካልክ?

ለአንድ ከርቭ ብላችሁ ሶፍትዌር ልትገዙ ከሆነ ትንሽ ቆዩ። ዳታ በአማካዩ ዙሪያ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያሳየው ያ የደወል ቅርጽ ያለው መስመር በኤክሴልም፣ በጉግል ሺትስም፣ በሊብሬኦፊስ ካልክም ይሠራል። ስሌቱም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከርቩን ሂስቶግራም (በየቁጥር ክልሉ፣ ለምሳሌ ከ60 እስከ 65፣ ስንት ዳታ እንዳለ በዓምድ የሚያሳይ ቻርት) ላይ መደረብ ስትፈልጉ ነው።

የጋራውን ቶሎ እንጨርስ። አማካዩንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ዳታው ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካውን ቁጥር) ታወጣላችሁ። በአንድ ኮለም ከአማካዩ ሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ ሦስት ከፍ ብሎ የሚያልቅ ቁጥር ትደረድራላችሁ። በቀጣዩ ኮለም «ኖርም ዶት ዲስት» (NORM.DIST) የሚለውን ፎርሙላ ታስገባላችሁ። መጨረሻው ላይ ፎልስ (FALSE) ማለት አትርሱ። ትሩ (TRUE) ካላችሁት ደወሉ ቀርቶ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ መስመር ታገኛላችሁ። ፎርሙላው በሦስቱም አለ።

ወደ መደረቡ እንምጣ። ኤክሴል ከ2016 እትም ጀምሮ ዝግጁ ሂስቶግራም አለው። ቆንጆ ነው፤ ግን ከሌላ ቻርት ጋር አይቀላቀልም። ስለዚህ «ፍሪኩዌንሲ» (FREQUENCY) በሚለው ፎርሙላ በየክልሉ ስንት ዳታ እንዳለ ቆጥራችሁ ተራ የኮለም ቻርት ትሠራላችሁ። ከዚያ ከርቩን በስካተር (እያንዳንዱን ነጥብ በሁለት ቁጥር በሚያስቀምጥ ቻርት) ትጨምሩበታላችሁ። የኤክሴል ትልቁ ብልጫ እዚህ ጋ ነው፤ ኮለምና ስካተርን በአንድ ቻርት ያስኬዳል። ዓምዶቹ 10 ቢሆኑም ከርቩን በ100 ነጥብ ልትስሉት ትችላላችሁ፤ ለስለስ ብሎ ይወጣል።

ካልክ ኮለምን ከተራ መስመር ጋር እንጂ ከስካተር ጋር አይቀላቅልም። ከርቩን በየክልሉ መሃል ነጥብ ላይ አስልታችሁ ነጥቦቹን በመስመር ማገናኘት ይኖርባችኋል። ለሪፖርት ይበቃል። ከርቩ ብቻውን ከሆነ ግን የካልክ ስካተር ከኤክሴል ምንም አያንስም። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አካውንት አይጠይቅም። በኤክሴል የተሠራ ቻርት ሲከፍት አንዳንዴ መልኩን ያዛባል፤ ፋይል የምትቀባበሉ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ጉግል ሺትስ ፈጣኑ ነው። ሂስቶግራሙ ዝግጁ ነው፤ የክልሉን ስፋትም በቀላሉ ትቀይሩታላችሁ። ለመደረብ ዓምድና መስመር የሚቀላቅል ኮምቦ ቻርት አለው፤ እንደ ካልክ በመሃል ነጥቦች መሥራት ነው። አክሲሱን (ቁጥሮቹ የሚነበቡበትን የቻርቱን ጠርዝ መስመር) እንደፈለጉ ማስተካከል ላይ ግን ከሁለቱ ይጠባል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ፋይል ላይ የሚሠራ ከሆነ እኔ ሌላውን አላስብም።

በየትኛውም ብትሠሩ አንድ ነገር አደራ። ብዙ ሰው ከርቩ ከታች ተጋድሞ ሲያየው ሁለተኛ አክሲስ ይከፍትለታል። ያኔ ዓምዱና ከርቩ በተለያየ ሚዛን ይሳላሉ፤ ንጽጽሩም ትርጉም ያጣል። ይልቅ የፎርሙላውን ውጤት በዳታው ብዛትና በክልሉ ስፋት አባዙት። የ100 ተማሪዎች አማካይ 62፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 12፣ የክልሉ ስፋት 5 ይሁን። የከርቩ ጫፍ 0.033 ገደማ ነው። በ500 (100 × 5) ሲባዛ 16.6 ይሆናል፤ አሁን ከዓምዶቹ ጋር በአንድ ቋንቋ ያወራል። ዓምዶቹ ከከርቩ ጨርሶ ካልገጠሙ ደግሞ ዳታው ደወል አይደለም ማለት ነው። ፎርሙላው ለማንኛውም ዳታ ደወል ይስላልና፣ ሂስቶግራሙን ሳታዩ ከርቩን አትመኑ።

ታዲያ የትኛው? ተማሪ ከሆናችሁ ወይም ከርቭ የምትሠሩት አልፎ አልፎ ከሆነ ካልክ ወይም ጉግል ሺትስ ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን አታውጡ። ኤክሴል የሚያዋጣው በየጊዜው ለአለቃ ወይም ለደንበኛ የሚቀርብ፣ ከርቩ በዓምዶቹ ላይ ጥርት ብሎ የተሳለ ሪፖርት ለምታወጡ ነው። ከገዛችሁም ለዚህ ሥራ ሰብስክሪፕሽን የግድ አይደለም፤ አንዴ ተከፍሎ የሚያዘው እትም ይሠራዋል።