ደሴ ላይ ራዲያተር ከማሳጠባችሁ በፊት

ከውጭ መጥታችሁ የቤተሰብ መኪና የምትነዱ ሰዎች፣ «ራዲያተር አጥበን፣ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ቀይረን በአንድ ሰዓት እናስረክባለን» የሚላችሁ ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፉን አትስጡ። ደሴ የተጠቀምኩበትን ጋራዥ ስም አልጠራም። አሠራሩን ግን እወቁት፤ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሞተር ያሳጣል።

ከሒሳቡ ልጀምር፣ ያናደደኝ እሱ ስለሆነ። መኪናዋ ኮሮላ ናት፤ ራዲያተሩ፣ ሞተሩና የውስጥ ማሞቂያው ተደምሮ የሚይዘው 6 ሊትር አካባቢ ነው። ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር ስለሚበረዝ የሚያስፈልገው 3 ሊትር ነው። የተጠየቀው ክፍያ ባለ 4 ሊትር ሁለት ጀሪካን፣ ማለትም የ8 ሊትር! ትርፉ የት ገባ ሲባል «አብሽር ጋሼ፣ ሞተሩ ጠጥቶት ነው» ተባለ። ሞተር ኩላንት ከጠጣማ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተበልቷል ማለት ነው፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ይታያል። አንዱም አልነበረም። እንዲያውም አሮጌው ኩላንት የፈሰሰው ከራዲያተሩ ሥር ባለው መክፈቻ ብቻ ነው። የብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ማፍሰሻ ብሎን ካልተፈታ ግማሽ ያህሉ አሮጌ ውሃ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ 8 ሊትር ይቅርና 6ም አይገባም። ጀሪካኑ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት፣ ባዶውንም የተረፈውንም ይዛችሁ ውጡ። ጀሪካኑ ላይ 50/50 የሚል ካለ ተበርዞ የመጣ ነውና ውሃ አይጨመርበትም። እኔ በምኖርበት አገር ደረሰኙ ላይ የገባው ሊትር ካልተጻፈ ማንም አይከፍልም፤ እዚህም መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ አሲድ ነው። ዝገት ይለቃል ተብሎ የባትሪ አሲድ ራዲያተር ውስጥ ይጨመራል። የአሁን ራዲያተሮችና ቴስታታዎች በአብዛኛው አሉሚኒየም ናቸው፤ አሲዱ ዝገቱን ሳይጨርስ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ቀዳዳው ከሳምንታት በኋላ ይወጣል፣ ያኔ እናንተ አውሮፕላን ላይ ናችሁ። የልብስ ሳሙናም አይሆንም፤ አረፋው አየር ይዞ ይቀራል። ለዚሁ የተሠራ ማጠቢያ ገዝቶ፣ ላዩ ላይ በተጻፈው መጠንና ሰዓት ብቻ ተጠቅሞ፣ ሙሉ በሙሉ አለቅልቆ ማውጣት ነው።

ሦስተኛው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው መዝጊያ። «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብለው ነቅለው ይጥሉታል። በደሴ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ማለፊያውን መንገድ ይዘጋል፤ ከሌለ ትኩሱ ውሃ በከፊል ራዲያተሩ ጋ ሳይደርስ ይዞራል፣ ዳገት ላይም ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል። የእኔን «ድስት ውሃ ውስጥ አፍልተን ሞክረነዋል፣ በደንብ አይከፈትም» አሉኝ። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ የሚከፈተው 95 ገደማ ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እዚህ ድስት ውስጥ ሙሉ አልተከፈተም ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። መከፈት ከጀመረ፣ ሲበርድም ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ደህና ነው።

ኮምቦልቻ ወርጄ ያገኘሁት ጋራዥ ግን አንጀቴን አራሰው። ግማሽ ቀን ፈጀ፣ መፍጀትም ነበረበት። ሞተሩ እስኪበርድ የራዲያተሩን ክዳን አልነኩም፤ ግፊት የያዘ ትኩስ ውሃ ፊት ያቃጥላልና። ከራዲያተሩም ከብሎኩም አፈሰሱ። የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርገው ንጹሕ ውሃ ሞሉ፣ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ አስነሱት፣ አጠፉት፣ እንደገና አቀዘቀዙ፣ አፈሰሱ። የሚወጣው እስኪጠራ ይኸው ተደጋገመ። ለማፍጠን ቀዝቃዛ ውሃ በትኩስ ሞተር ላይ ቢያፈሱ ቴስታታው ይጣመም ወይም ይሰነጠቅ ነበር። ራዲያተሩን ከታች ወደ ላይ በቀላል የቧንቧ ውሃ ገፉት፤ የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ አላስጠጉም፣ ምክንያቱም ክዳኑ የሚችለው ግፊት ራሱ 1 ባር አካባቢ ነው፣ የፕላስቲኩ ታንክ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተያያዘበት ቦታ ከዚያ ብዙ አይችልም። ቴርሞስታቱን ሲመልሱ ትንሿን የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ አደረጓት። መበረዣው የተጣራ ውሃ ነበር፤ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ውስጡ ለሚጋገር ቅርፊት መነሻ ነው።

ሲሞሉም በቀስታ፣ የላይኛውን ቱቦ በእጅ እየጨመቁ አየሩን አስወጡ። የክዳኑን ጎማ አይተው ስለደረቀ የግፊት መጠኑ 1.1 ተብሎ የተጻፈበት አዲስ ገጠሙ፤ ይህች ክዳን ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ በላይ ታስፈልጋለች፣ ግፊት ካልያዘች ውሃው ቶሎ ይፈላል።

ደሴ አሮጌውን ኩላንት ቦይ ውስጥ ደፉት፣ ቦይ ደግሞ ቦርከና ወንዝ ይገባል። ኩላንት ይጣፍጣል፣ ውሻም ከብትም ይልሰዋል፣ ኩላሊት ይገድላል። ኮምቦልቻዎቹ ጀሪካን ውስጥ ከድነው አስቀመጡት። እናንተም ይህንኑ ጠይቁ።

መኪናዋን ከሰጧችሁ በኋላ ሐረጎን፣ ማለትም በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን ዳገት፣ አንዴ ውጡ። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመሃል ካላለፈች፣ በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ የትርፍ ውሃ መያዣውን ዝቅተኛና ሙሉ ከሚሉት መስመሮች መሃል መሆኑን እዩ። ትንሽ ቢጎድል የቀረ አየር ስለወጣ ነው፣ ሙሉት። በየቀኑ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ወደዚያው ጋራዥ መልሱት።