የፈረንሳይ የነሐስ ሰዓት፦ የናፖሊዮን ዘመኑ ይሻላል ወይስ የኋለኛው?

ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የእብነ በረድ መቆሚያ፣ ወርቅ የተለበጠ ነሐስ፣ ከላይ ደግሞ የጥንት አማልክት ሐውልት፦ በገናውን የያዘ አፖሎ ወይም ክንፍ ያለው ኩፒድ። ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል።

አንደኛው ናፖሊዮን ንጉሠ ነገሥት በነበረበት ጊዜ (1804–1815፣ በፈረንጅ አቆጣጠር) የተሠራው ነው። ሌላው በናፖሊዮን ሦስተኛ ዘመን፣ ከ1852 እስከ 1870 የወጣው ነው።

የመጀመሪያው ወርቁ የተለበጠው በሜርኩሪ ነው። ወርቅና ሜርኩሪ ተለውሶ ነሐሱ ላይ ይቀባል። እሳት ሲነካው ሜርኩሪው ይተንና ወርቁ ይቀራል። እንፋሎቱ ሠራተኞቹን ይመርዝ ነበር። የፓሪሱ ነሐስ ሠሪ ራቭሪዮ በ1814 ሲሞት፣ ለዚህ መላ ለሚያገኝ ሰው 3,000 ፍራንክ ሽልማት ተናዝዟል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እነዚህን ሰዓቶች ሳይ የለበጧቸው ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ሥራቸው ግሩም ነው፦ የልብሱ እጥፋት ደብዘዝ ያለ፣ ትከሻውና ጉልበቱ ደግሞ ተወልውሎ የሚያበራ። ከ1840ዎቹ ወዲህ በኤሌክትሪክ መለበጥ ስለተስፋፋ፣ ብዙዎቹ የኋለኞቹ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ያበራሉ።

ለአጠቃቀም ግን የኋለኛው ይቀላል። የድሮው ፔንዱለም (እየተወዛወዘ ሰዓቱን የሚመራው ዘንግ) በሐር ክር ይንጠለጠላል። እርጥበት ሲቀያየር ክሩ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ሰዓቱም ይዛባል። የኋለኛው በአብዛኛው በቀጭን የብረት ምላስ ይንጠለጠላል። ከ12 ቁጥር በላይ ትንሽ የቁልፍ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ ፍጥነቱን ማስተካከል ትችላላችሁ። ያቺን ቀዳዳ መጀመሪያ ፈልጉ። አንዳንድ የድሮ ሰዓት ላይም ክሩ ተነሥቶ የብረት ምላሱ ስለተገጠመለት፣ ሻጩን ጠይቁት።

ሞተሩ ጀርባ ላይ «ዣፒ ፍሬር» ከሚል ስም ጋር 1855 ተቀርጾ ብታገኙ፣ ያ ፋብሪካው ሜዳሊያ ያገኘበት ዓመት ነው። ሰዓቱ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው።

ዋናው ወጥመድ ዚንኩ ነው። ነሐስ መስሎ ይሸጣል። መቆሚያውን ገልብጣችሁ ነሐስ የተባለውን ክፍል ከሥር በማይታይ ቦታ ጫር አድርጉት፦ ነሐስ ቢጫ ነው፣ ዚንክ ግራጫ። የዚንክ ክንድ ወይም ክንፍ ከተሰበረ መበየዱ ከባድ ነው።

እኔ ብሆን፣ ጎበዝ ሰዓት ሠሪ ቅርቤ ካለና ገንዘቡ ካልቸገረኝ የድሮውን እወስዳለሁ። በየቀኑ ደወሉን እየሰማሁ ልኑር ካልኩ ግን የ1860ዎቹን የነሐስ ሰዓት። የትኛውንም ብትገዙ በብረት መወልወያ ቅባት አትንኩት፣ ወርቁን ይልጠዋል። ወደ ቤት ስትወስዱትም ፔንዱለሙን አውልቃችሁ ለብቻው ጠቅልሉት።