የተመሰጠረ ዌብሶኬት በራስ ኮምፒውተር ላይ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ዌብሶኬት ብራውዘርና ሰርቨር ክፍት በሚቆይ መስመር መልእክት የሚለዋወጡበት መንገድ ነው። የዌብሶኬት ሰርቨር ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት ቀላል ነው። ነገር የሚወሳሰበው ምስጠራ ሲጨመርበት ነው። ምስጠራ ሰርተፊኬት፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ፋይል፣ ይፈልጋል፤ እንደ ሌትስ ኢንክሪፕት ያሉ ሰጪዎች ደግሞ ለሎካልሆስት (ኮምፒውተሩ ራሱን ለሚጠራበት ስም) ሰርተፊኬት አይሰጡም። ታዲያ ከየት ይምጣ?

ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ መሣሪያ ራሳችሁ ፈርማችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ነጻ ነው። ጣጣው ብራውዘሩ ጋ ነው። ተራ ገጽ ቢሆን ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል፣ አውቃችሁ ታልፉታላችሁ። ዌብሶኬት ላይ ግን ማስጠንቀቂያ የለም። ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ኮዳችሁ የሚደርሰውም 1006 የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ሰርቨሩ ጨርሶ ባይነሳም ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ የሌለ ስህተት ኮድ ውስጥ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። መላው መጀመሪያ ያንኑ አድራሻና ፖርት በኤችቲቲፒኤስ ከፍቶ ማስጠንቀቂያውን መቀበል ነው።

ኤምኬሰርት የተባለው መሣሪያ ይሄን ሁሉ ያስቀርላችኋል። እሱም ነጻ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ የግል ሰርተፊኬት ሰጪ ይፈጥራል፣ ብራውዘሩ እንዲያምነው ያደርጋል፣ ከዚያ በአንድ ትእዛዝ ሰርተፊኬት ያወጣል። ለብዙው ሰው የምመክረው ይሄን ነው። በስልክ ለመሞከር ግን ስር ሰርተፊኬቱን (የግል ሰጪውን የራሱን ሰርተፊኬት) ስልኩም ላይ መጫን አለባችሁ። የስሩን ምስጢራዊ ቁልፍ አደራ ለማንም እንዳትሰጡ! እሱን የያዘ ሰው የፈለገውን ድረ ገጽ መስሎ ሊያታልላችሁ ይችላል።

ሰርቨሮቹ ከበዙ ካዲ የተባለውን፣ ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ሌሎች ሰርቨሮች የሚያስተላልፍ ሰርቨር፣ ከፊት አስቀምጡ። ምስጠራውን እሱ ይይዘዋል፣ ከኋላ ያሉት እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ተመሳሳዩ ኤንጂንኤክስም ይሠራል፤ ግን ግንኙነቱን ወደ ዌብሶኬት የሚቀይሩትን ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚላኩ መመሪያ መስመሮች) በእጅ መጻፍ ይጠይቃል። ካልነካችሁትም ለ60 ሰከንድ ከሰርቨሩ ምንም ካልመጣ መስመሩን ይዘጋዋል።

ሌላ ቦታ ላለ ሰው ማሳየት ከሆነ ፍላጎታችሁ እንደ ኤንግሮክ ያለ ተነል (ኮምፒውተራችሁን በኢንተርኔት በኩል ለሌሎች የሚያገናኝ አገልግሎት) ይበቃል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ሙከራውም ይቆማል። በተለመደው አሠራር ምስጠራው የሚፈታው እነሱ ጋ ስለሆነ የእውነተኛ ደንበኛ መረጃ አታሳልፉበት።

የትኛውንም ብትመርጡ ከብራውዘሩ በፊት ዌብሶካት በተባለው፣ ከተርሚናል ወደ ዌብሶኬት በሚያገናኝ መሣሪያ ሞክሩት። ሌላው ተመሳሳይ መሣሪያ ደብልዩኤስካት በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬድ ፕሮግራም) የተሠራ ነው፤ ኖድ ደግሞ በነባሪ የራሱን የታማኞች ዝርዝር ስለሚያይ የኤምኬሰርትን ሰርተፊኬት ላይቀበል ይችላል። የሰርተፊኬት ማረጋገጫውን ስታጠፉ ብቻ የሚገናኝ ከሆነ ችግሩ ሰርተፊኬቱ ነው። እንዲያም ሆኖ እምቢ ካለ ሰርቨሩንና ፖርቱን እዩ።