የመሀል ሜዳዋን እማማ ላመስግን፣ ዝምተኞች ደሞ ስሙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል፣ ስራ እየበዛ ነገ ዛሬ ስል ቆየሁ፣ ዛሬ ግን ብርድ ሆኖ ባናዬን (የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ነው) ተከናንቤ ቁጭ ስል እሳቸው ትዝ አሉኝና ሳልጽፍ አልተኛም አልኩ። ማመስገን የምፈልገው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ መሀል ሜዳ ከተማ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ መጨረሻ ክፍል ያከራዩኝን እናት ነው። "ስሜን አደባባይ እንዳታወጪው" ስላሉኝ አልጽፈውም፣ እኔ እማማ ነው የምላቸው፣ እዚህም እማማ ልበል።

እኔ ሰው እወዳለሁ፣ ግን ሰው መሀል ብዙ ስቆይ ድክም ይለኛል፣ አሁን ኢንትሮቨርት የሚባለው ማለት ነው። እኛ ሰፈር ግን ስሙ ሌላ ነው፣ "ምን አስከፋት"፣ "ኮራችብን"፣ "ይቺ ልጅ ሰው አትወድም"። ሀገሬን ማየት ደሞ በጣም ነው የምፈልገው። አንዴ በቡድን ጉዞ ወጥቼ ነበር፣ የማን እንደሆነ ይቅር፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተን ባስ ውስጥ ማይክ እየተቀባበልን ራሳችሁን አስተዋውቁ፣ ጭፈራ፣ ጌም፣ በሁለት ቀን አራት ቦታ፣ አንዱንም ቁጭ ብዬ ሳላየው ተመለስኩ፣ ሰኞ ስራ መግባት አቃተኝ፣ ብሩም የወር አስቤዛዬን ያህል ነበር። ከዛ በኋላ ነው ስራዬ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ (መጽሀፍ ሌይአውት ነው የምሰራው) ለምን አንድ ቦታ ሄጄ ዝም ብዬ አልኖርም ያልኩት።

ብሩን በተመለከተ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ልናገር፣ ጉዞ ላይ ብር የሚበላው መንቀሳቀሱ ነው። በየቀኑ ቦታ ከቀየርክ በየቀኑ ትራንስፖርት አለ፣ የአዳር ሂሳብ አለ፣ ቦታውን ስለማታውቀው ሆቴል ትበላለህ። አንድ ቦታ ወር ከተቀመጥክ ግን ኪራዩ የወር ነው፣ እኔ ለእማማ የከፈልኩት የወር ኪራይ መንገድ ላይ ያደርኩበት ሆቴል የአምስት ቀን ሂሳብ ነው፣ ራትም ጨምረውልኝ። ቁርሴ በሶ ነበር፣ ቆሎ ሁሌ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ደሞ ሽሮ በገብስ እንጀራ፣ እኔ ደሞ እንደሱ የሚጣፍጠኝ የለም።

መንገዱንም ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። አንጎለላ ወርጄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም የተወለዱበትን ሀገር አየሁ፣ ደብረ ብርሃን አስር ቀን ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ ሰውነት ይለምዳል፣ ምክንያቱም መሀል ሜዳ ከ 3,000 በላይ ነው፣ በአንዴ ወጥቶ ራስ ምታት ከሚይዛችሁ እዛ ብታርፉ ይሻላል። ከዛ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትቶ ወደ መንዝ መገንጠል ነው። እማማን የጠቆመችኝም ደብረ ብርሃን ሻይ የምጠጣበት ቤት የምትሰራ ልጅ ናት፣ አስር ቀን አንድ ቦታ ስለጠጣሁ ነው የተላመድነው፣ በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ እኔ ከማንም ጋር አላወራም።

አሁን ወደ እማማ። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ አልጋው ላይ እሳቸው ፈትለው ሸማኔ የሰራው የበግ ጸጉር ባና። የመጀመሪያው ቀን ቡና አፍልተው ጠሩኝ፣ ሄድኩ፣ ጎረቤት ሞልቷል፣ ከየት ነሽ፣ አግብተሻል፣ ብቻሽን ምን ልትሰሪ መጣሽ። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እንግዳን አለማናገር ነውር ስለሆነ ነው፣ እኔ ግን አቦሉን ጠጥቼ በረካው ሳይደርስ ላብ በላብ ሆንኩ። ማታ ራት ሲያቀርቡልኝ ምንም ሳልናገር እሳቸው ራሳቸው እንዲህ አሉኝ፣ "ልጄ፣ በርሽ ገርበብ ካለ እጠራሻለሁ፣ ከተዘጋ አልጠራሽም፣ ቡናሽን ግን አስቀምጥልሻለሁ።" በቃ ይሄው ነው። ሶስት ወር ሙሉ አንድ ቀን የተዘጋ በር አላንኳኩም። እኔም ገርበብ የማደርግበት ቀን እየበዛ መጣ፣ ማንም ስላላስገደደኝ ይመስለኛል።

አንዴ መስኮቴ ስር ጎረቤታቸው "ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ፣ ድምጿ የለም" ስትል ሰማሁ። እማማ ምን አሉ መሰላችሁ፣ "ተያት፣ ዝም ማለት ታውቅበታለች።" እኔ ሰላሳ ምናምን አመት ስኖር ዝምታዬን እንደ ሙያ የቆጠረልኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያ ናቸው፣ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሬ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ከሰዓት ላይ ጸሀይዋ ወደ ግቢው ስትዞር በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ከኔ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። የበጉን ጸጉር በግራ እጃቸው ይይዛሉ፣ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሽው አርገው ይለቁታል፣ ክሩ እየቀጠነ ይወርዳል፣ ከዛ ጠቅልለው እንደገና። እኔ እሰራለሁ እሳቸው ይፈትላሉ፣ ሁለት ሰዓት ሶስት ሰዓት ቃል ሳንለዋወጥ። ሲነሱ "በርቺ" ይሉኛል፣ "እርሶም ይበርቱ" እላለሁ፣ የቀኑ ወሬያችን እሱ ነው፣ እና ከማንም ጋር እንደሱ ተቀራርቤ አላውቅም።

ጓሳን፣ ማለት መንዝ ያለውን ጥብቅ የሳር ምድር፣ ያየሁትም በሳቸው ነው፣ የዘመድ ልጅ አስጎብኚ ነበራቸው፣ ሲያገናኙን "ብዙ አታናግራት" ብለውታል መሰለኝ እሱም አላናገረኝም። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ጠዋት ወጥተው ጸሀይ ሲሞቁ፣ ከዛ ቁጭ ብለው ሳሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ፣ ጅብራው መሀል ተቀምጠን ረጅም ሰዓት አየን። ቀይ ቀበሮም አየሁ፣ አንድ ብቻውን ነበር፣ ጆሮውን አዘንብሎ የአይጥ ጉድጓድ ሲያዳምጥ። ልጁ ቀስ ብሎ "የሚኖሩት በቤተሰብ ነው፣ ሲያድኑ ግን ለየብቻ ነው" አለኝ፣ ከዛ ዝም አለ። ሳሩን ህዝቡ ራሱ ከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የድሮ የጋራ አጠባበቅ ስርአት ለአመታት እየዘጋ ሲከፍት የጠበቀው እንደሆነም ከሱ ነው የሰማሁት፣ የእማማ ማዕድ ቤት ጣሪያ የዛው የጓሳ ሳር ነው።

እንዳትቀየሙኝ ጉድለቱንም ልናገር። ሽንት ቤቱ ውጪ ነው፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፣ ኔትወርክ አንዳንዴ ስለሌለ ስራችሁን አውርዳችሁ ሂዱ፣ ፓወር ባንክ ያዙ። ኅዳር ታህሳስ ውርጩ ሳሩን ነጭ አርጎት ነው የሚያድረው፣ ወፍራም ካልሲ ካልያዛችሁ አይቻልም። ከመነሳታችሁ በፊት ደሞ የመንገዱን ሁኔታ እዛ ላለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ይሄንን በጣም አደራ።

ክፍሉ አንድ ብቻ ነው፣ እሳቸውም አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ለሁለት ቀን ለሚመጣ አይሰጡም፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይላሉ። የምር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ጥሬ ቡና ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ እዛ ይወደድባቸዋል፣ በርበሬና ስኳር ይዤ ብሄድ "ይሄ ምን ያደርጋል" ብለው ተቆጥተውኛል፣ ቡናውን ግን ዝም ብለው ተቀበሉ።

እማማ፣ የጎረቤት ልጅ ያነብሎታል ብዬ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባናው እስካሁን የእሳት ጭስ ይሸታል፣ አላጠብኩትም። ለጥቅምት ክፍሏን ለሰው እንዳይሰጡብኝ።