ሴልፍ ሰርቪስ ሳይሆን ሰልፍ ሰርቪስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁሌ ምሳ የምበላበት ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ነገም እዚያው መብላቴ ስለማይቀር። ተጋቢኖው እየተንተከተከ ነበር የሚመጣው። በዚህ ብርድ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰሞኑ ግን ቤቱ ሴልፍ ሰርቪስ ሆነ። ሰሃን ይዘህ ትሰለፋለህ፣ ከፊትህ ያለው ሰውዬ ጎመኑን ሲያገላብጥ ትጠብቃለህ፣ ቦታ አግኝተህ እስክትቀመጥ ሽሮው በረዶ ሆኗል።

ሰልፉ ላይ ቆሜ ትዝ ያለኝ ሄንሪ ፎርድ ነው። አዎ፣ የመኪናው። ጎማ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ እንግሊዞች ከያዙት የእስያ እርሻ መግዛት አንገብግቦት፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ብራዚል ሄዶ ሳይሆን ሰው ልኮ አማዞን ደን መሀል፣ ታፓዦስ ወንዝ ዳር ፎርድላንዲያ የምትባል ከተማ አስቆረቆረ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የውሃ ማማ፣ ሁሉ ተሟላ። መጠጥ ግን ክልክል! (እዚህ አረቄ አገር መጥቶ በሞከረው።) ለሠራተኛው አጃና የታሸገ የኮክ ፍሬ አቀረቡለት፤ እሱንም ቻለው። በ1930 መጨረሻ ግን አስተናጋጅ ቀርቶ ተሰልፋችሁ አንሱ ተባለ። በቃ። የምግብ አዳራሹ እንዳልነበር ሆነ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያው ተሰባበረ፣ አለቆቹ በጀልባ ነፍሳቸውን አዳኑ፣ ወታደር መጥቶ ነው የበረደው። እኛ ጨዋዎቹ ሰሃናችንን ይዘን ቆመናል።

ከተማዋን የገደላት ግን ምሳው አይደለም። የጎማ ዛፍ በጫካው ተራርቆ ነው የሚያድገው፤ እነሱ ግን ዕፅዋት የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቁ እንደ እኛ ባህር ዛፍ ጠጋ ጠጋ አድርገው ተከሉት። ቅጠል የሚበላው ፈንገስ ከዛፍ ዛፍ እየተሸጋገረ ጨረሰው። በ1934 ቤልቴራ የሚባል ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ሞከሩ። በ1945 ደግሞ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሰሰበት በኋላ ለብራዚል መንግሥት በ250 ሺህ ገደማ ተሸጠ። ፎርድ ራሱ አንድም ቀን አልረገጣትም።

የእኛዋ ባለቤት ቢያንስ ካውንተራቸው ላይ አሉ። "እትዬ፣ ምን ነካዎት?" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ፣ ልጆቹ ፋብሪካ ገቡብኝ" አሉኝ።

ለማንኛውም ዋጋው አልጨመረም፣ እንጀራውም ያው ጥሩ ነው። ከስድስት ሰዓት በፊት ግቡ። ሽሮ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከተደረደረው አታንሱ፤ እትዬን ጠጋ ብላችሁ "ተጋቢኖ" በሏቸው፣ እያጉረመረሙ ራሳቸው ያመጡላችኋል።