የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር፦ ዘግይተው መጡ፣ ግን ማሽኑን አስቆሙልን

አዲስ አበባ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው የምሠራው። የመሰንጠቂያ ማሽናችን ቺንጋ ሽፋን ከተነሳ ወራት አልፈዋል። ሰጋቱራ ሲሞላበት ለመጥረግ አይመችም ተብሎ ነው የተነሳው። ጥቅምት ላይ ቺንጋው የባልደረባዬን እጅጌ ያዘና ሁለት ጣቱን ወሰደው። ከዚያ በኋላም ሽፋኑ አልተመለሰም። ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል።

ክፍለ ከተማ ሄጄ አመለከትኩ። ቅሬታዬ እዚህ ጋ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ አንዴ መኪና የለም። ማሽኑ በየቀኑ እየዞረ መኪና እስኪገኝ መጠበቅ ያማል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ጥበቃው «ቀጠሮ አለዎት?» አላት። መታወቂያዋን አሳየችውና ገባች። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ሰዓት ሳታስታውቅ መግባት ትችላለች። አለቃችን አጠገቧ ሊቆሙ ሲሉ «ይቅርታ፣ ሠራተኞቹን ለብቻቸው ነው የማነጋግረው» አለቻቸው። የአደጋ መዝገብ ጠየቀች፤ የለም። ቺንጋውን ፎቶ አነሳች። እኛ ከምንቆምበት ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለካች። ከምንቀባው ቫርኒሽ ሳይቀር በትንሽ ጠርሙስ ናሙና ወሰደች።

አለቃችን ደጋግመው «ማነው የከሰሰኝ?» አሏት። እኔ ቺፑዱ ጀርባ ቆሜ ልቤ ይመታል። «ጥቆማ ቢኖርም ከማን እንደመጣ መናገር አልችልም» አለች። ይህም ሕግ ነው፤ የጠቋሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት። ለዚህ ብቻ አመሰግናታለሁ።

ትእዛዙን በጽሑፍ ሰጠች። ለቫርኒሽ ክፍሉ አየር ማስወጫ 30 ቀን። መሰንጠቂያው ግን ሽፋኑ እስኪገጠም አሁኑኑ ይቁም። አለቃችን ፍርድ ቤት እሄዳለሁ አሉ። መብታቸው ነው፤ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ግን ለአስቸኳይ አደጋ የተሰጠ ትእዛዝ በይግባኝ አይታገድም፤ ፍርድ ቤቱ እስኪወስን እንደጸና ይቆያል። ይህን ረጋ ብላ አስረዳቻቸው።

ሽፋኑ በዚያው ቀን ከሰዓት ተገጠመ። አራት ብሎን ነው የፈጀው። ባልደረባዬ እስካሁን በግራ እጁ መጻፍ እየተለማመደ ነው።

የቫርኒሽ ክፍሉ 30 ቀን የፊታችን ሐሙስ ይሞላል። አየር ማስወጫው ገና አልገባም። ዓርብ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት እዚያ ነኝ።