11 ወር በኪሴ፦ ኦፒኔል ቁጥር 8 ሰንጢ

ባህላዊ ሰንጢ መሰብሰብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኞቹ ተወልውለውና ዘይት ተቀብተው ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖሩት። አንድ ክር እንኳ ቆርጠው የማያውቁ አሉ። ይሄን ኦፒኔል ስገዛ ግን ሳጥን እንዳይገባ ወስኜ ነበር። አሁን 11 ወር ሞላው። ከኪሴ የተለየባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ልበል። ኦፒኔል የፈረንሳይ ሰንጢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ ወጣት በአልፕስ ተራሮች አካባቢ፣ ሳቯ በሚባለው አገር ሠራው። በ1897 ከ1 እስከ 12 ቁጥር የወጣላቸው መጠኖች መጡ። ቁጥር 1 እና 11 በኋላ ቀርተዋል። የኔው ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲታጠፍ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክብደቱ 50 ግራም እንኳ አይሞላም። ኪስ ውስጥ መኖሩ ይረሳል።

በጣም የወደድኩት ቀለበቱን ነው። ስለቱን ዘርግታችሁ አንገቱ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት ዞር ስታደርጓት ስለቱ ይቆለፋል። ይህች ቀለበት የተጨመረችው በ1955 ነው። ሳጥኔ ውስጥ ጀርባቸው ላይ ሞላ ያላቸው ሰንጢዎች አሉ። ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚያሰሙት ድምፅ ደስ ይለኛል። ግን ሞላ ቁልፍ አይደለም። በስለቱ ጫፍ ገፋ አድርጋችሁ ስትወጉ ጣታችሁ ላይ ሊታጠፍ ይችላል። በዚህ ሰንጢ ካርቶን ስበሳ ያ ስጋት የለብኝም። ቀለበቷን ማዞር ካልረሳሁ ማለቴ ነው። በራሷ አትቆልፍም፤ እጅ መልመድ አለበት።

የመረጥኩት የካርቦን ብረቱን ነው። የማይዝገውም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሎሚ ቆርጬበት ሳልጠርገው አደረ። ጠዋት ሳየው ስለቱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል። አዘንኩ፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አሸሁትና ዘይት ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ ቆርጬ ሳልጠርግ አላጥፈውም። አሁን ስለቱ ግራጫ ሆኗል፤ ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ሰማያዊም ይታይበታል። ይህ ቀለም ብረቱ ከአሲድ ጋር በተገናኘ ቁጥር ቀስ በቀስ የሚይዘው ልብስ ነው። ቀዩን ዝገት ጨርሶ ባያስቀረውም ያዘገየዋል። ሁለት ሰንጢ አንድ ዓይነት ቀለም አይዝም። ለሰብሳቢ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

አስሳሉ ቀላል ነው። ካርቶን አብዝቼ ስቆርጥበት አፉ ቶሎ ይዶለዱማል። ግን የመሳያ ድንጋይ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ መልሶ ወረቀት እንደ ውሃ ይቆርጣል። ስለቱ ስስ ስለሆነ አንግሉን ዝቅ አድርጌ ነው የምስለው። ስስነቱ ግን ገደብ አለው። ክዳን መፈልቀቂያ አታድርጉት፤ ጫፉ ይሰበራል።

እጀታው ቢች ከሚባል ዛፍ ነው። እንጨት ነውና ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። አንድ ቀን ዝናብ ኪሴ ድረስ ገባብኝ። ማታ ስለቱን በጥፍሬ ልከፍት ብሞክር አልነቃነቅ አለኝ። መላው የቆየ ነው፦ የእጀታውን መጨረሻ ጠንካራ ነገር ላይ መታ መታ ማድረግ። ስለቱ ብቅ ይላል። ሁለት ቀን አየር ላይ ሲደርቅ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ሦስት ጊዜ እየደጋገምኩ ቀባሁት፤ በየመሃሉ እንዲደርቅ ተውኩት። ወዲህ እንደዚያ አላስቸገረኝም። አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮ ወዝ ይዟል። ሳጥን ውስጥ ካሉት አንዱም እንዲህ ያለ ወዝ የለውም።

የማይመቹ ነገሮችም አሉት። ለመክፈት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ኪስ ጠርዝ ላይ ማንጠልጠያ የለውም፣ ስለዚህ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሲሆን እጀታው ይጫጫራል። እኔ ብቻውን በአንድ ኪስ ነው የምይዘው።

ስለ መያዝ አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም ስለማስብበት ነው። ሰንጢ ሲባል ብዙ ሰው ጠብ ነው የሚታየው። እኔ ሰው መሃል ስከፍተው ቀስ ብዬ፣ ለምን እንደሆነ ተናግሬ ነው። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው የማይቆለፍና የስለቱ አፍ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ታጣፊ ብቻ ነው። ቁጥር 8 በሁለቱም ይወድቃል። ከቁጥር 2 እስከ 5 ያሉት ቀለበት የላቸውም፤ እዚያ ለሚኖር ሰው እነሱ ይሻላሉ። አውሮፕላን ስትሳፈሩ ደግሞ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሂድ እንጂ በእጅ ይዛችሁ አትግቡ። አንድ ቀን ረስቼው ፍተሻው ደጅ ላይ ትዝ ብሎኝ ተመልሻለሁ።

ጠርጎ የማጠፍ ትዕግሥት ለሌለው፣ ወይም ባሕር ዳርቻ ለሚውል ሰው የማይዝገውን እመክራለሁ። ለሌላው ሁሉ የካርቦኑን። እኔ ባለፈው ወር ሳጥኑን ከፍቼ ሂጎኖካሚዬን አውጥቻለሁ፤ የጃፓን ሰንጢ ነው፣ ቁልፍም ሞላም የለው። ዓመታት ተኝቶ ስለቱ እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ትናንት ፖም ቆረጥኩበት።